ከሞተሩ ላይ የጠፋው ቀይ ጨርቅ

ድሬዳዋ፣ ጥር 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ ተማም፣

የእጅ ጽሕፈቴን ስታይ ወረቀቱን ልትቀደው እንደምትችል አውቃለሁ። ቅደደው፤ ግን መጀመሪያ ይህችን ብቻ አንብብ። ያን ቀን ሞተሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አላየሁም ያልከው እውነትህን ነው። እኔም ሰቅያለሁ ያልኩት እውነቴን ነው። ይህን ካወቅሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ እህል በወጉ አልበላሁም፣ ሥራ ቦታም ሰው ሁለቴ ካልደገመልኝ አልሰማውም።

የምታውቀውን ጭምር ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ እኔ ራሴ እንደገና ካልሄድኩበት አላምነውምና።

ባልቴቷን መቼም አልረሳሃትም። ጣሊያን ጥሏት የሄደውን ያቺን አሮጌ መኪና ተጋርተን ስንገዛ ባልቴት ያልካት አንተ ነህ፣ ዳገት ስታይ ትንፋሿ ይቆራረጣል ብለህ። ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር ሰው ስታመላልስ ደህና ነበረች፤ የደንገጎን ዳገት ግን አትወጣም። ሌሎቹ የሐረርን ሰው እየጫኑ በአጠገባችን ሲያልፉ እኛ ቆመን እናያለን። ግመል ገጭታ ከተጨራመተች ትልቅ መኪና የወጣው ሞተር ሲገኝ፣ "አቦ ጉግሳ፣ ለባልቴቷ የጎረምሳ ጉልበት እንግዛላት!" ያልከኝም አንተ ነህ። ሁለታችንም ሞተር ለውጠን አናውቅም። እኔ የማውቀው የባቡር ብረት፣ አንተ የምታውቀው መሪ። ድፍረታችን ግን የሁለት መሐንዲስ ያህል ነበር።

ያኔ ግንቦት 1956 ነው። ፈቃድ ወስጄ በግቢዬ ኒም ዛፍ ሥር ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን ስንፈታ ስንገጥም ሰነበትን። በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኩህ የባቡር ጋራዣችንን ደንብ ነበር፤ ያላለቀ ነገር ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፣ ጨርቅ ካለ አልጠበቀም፣ ጨርቁን የሚያወርደው ሥራውን የጨረሰው ሰው ብቻ ነው። "ወላሂ እናንተ የባቡር ሰዎች ለብሎንም ባንዲራ ትሰቅላላችሁ" ብለህ ሳቅህብኝ። ደንቡን ግን ከኔ በላይ ያዝከው።

ጨርቁ በጠፋበት ቀን ቤላዎቹን፣ ማለት ፒስተኖቹን ከታች የሚይዙትን አራት ክንዶች፣ እያጠበቅሁ ነበር። ሦስቱን ጨረስኩ። የአራተኛውን ብሎን በጣቴ አስገብቼ መፍቻውን ሳነሣ የስድስት ሰዓቱ የባቡር ጡሩምባ ተነፋ። ሌላ አገር ያደገ ሰው "ሁለት ዙር ቢጨምር ምን ነበረበት?" ይለኛል። የድሬ ልጅ ግን አይለኝም። ጡሩምባው ሲነፋ ሱቁ ይዘጋል፣ ባለጋሪው ጥላ ይፈልጋል፣ መፍቻውም ባለበት ይቀመጣል። ቀዩን ጨርቅ በአራተኛው ላይ አሰርኩና ገብቼ ተኛሁ። አንተም በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈህ ተኛህ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከጋራዥ ሰው መጥቶ ቀሰቀሰኝ፤ ባቡር ተበላሽቶ ነበር። በጓሮ በር እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ወደ ሞተሩ ዞር ብዬ አላየሁም። ሲመሻሽ ስመለስ ኮፓው፣ ያ የዘይት መያዣው፣ ተገጥሞ ተዘግቷል። "ጨረስከው?" አልኩህ። "ጨረስኩት" አልከኝ። ጨርቁን አይተህ፣ አጥብቀህ፣ አውርደህ ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። አንተ ደግሞ ጨርቅ ስላጣህ ጉግሳ አጥብቆታል ብለህ ዘግተሃል። ይህ አሁን ነው የገባኝ፣ ሰባት ዓመት ቆይቶ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናቴ ትሁን ብለህ አዴ መሪያምን ከኋላ አስቀመጥካት። ባልቴቷ ደንገጎን እንደ ፍየል ስትወጣው በደስታ ጮህን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ "አቁም" ሳልልህ አራተኛው ቤላ ተላቆ ውስጡ ፈነዳ። የእጅ ፍሬኑ አልያዘም፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች፣ እኔ ዘልዬ ድንጋይ ላደርግ ስል ጎማው እጄን ከድንጋዩ ጋር ያዘው። እናትህ ተረፈች። ሁለት ጣቶቼ እዚያው ቀሩ፤ ከጋራዥ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡኝ።

ለጣቴ ብዬ አይደለም የተቆጣሁህ። ጨርቅ አላየሁም በማለትህ ነው። ረሳሁት ብትለኝ በዚያው ይቅር እልህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት አንተ "ወላሂ ጨርቅ አልነበረም" አልክ፤ እኔ በማርያም ስም ምዬ "አስሬዋለሁ" አልኩ። ከመካከላቸው ጋሽ ወልደጻድቅ "ጨርቅ እግር የለው። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ" አሉ። ሰው ሁሉ የተጠቀለለ እጄን አየ። ውሸታሙ አንተ ሆንክ።

በሳምንቱ አንድ ሻንጣ ይዘህ የጅቡቲን ባቡር ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። አንተም አይተኸኛል። ያኔ ጎንበስ ብዬ ሣጥን የምቆጥር መሰልኩ እንጂ የምቆጥረው ሣጥን አልነበረኝም።

አሁን ያለፈውን እሑድ ስማ። የመስኮቱን መዝጊያ እየጠገንኩ ነው። አንዱ ማጠፊያ ገና ስላልጠበቀ ማንም እንዳይከፍተው እንደ ልማዴ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠልኩበት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ቀና ብላ አየችና እየሳቀች፣ "ይኼንንም አጥቤ ላስጣልህ?" አለች።

"የቱን አጥበሽ ነበር?"

"ያንን የሞተሩን ነዋ። እናንተ ቀን ስትተኙ ሞተር ላይ ያንጠለጠልከውን። ዘይት ጠጥቶ ሲያስጠላኝ ጊዜ ከልብሱ ጋር አጠብኩት።"

መሰላሉ ላይ መዶሻ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ያኔ የሁለት ወር ሙሽራ ነበረች፤ የባሏን ቤት ንጹሕ ማድረግ እንጂ የባቡር ደንብ ከየት ታውቃለች?

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?" አልኳት። የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ጨርቅ ማጠቤን? ስለ ጨርቅ መማማላችሁን እኔ በምን አውቄ? እዚህ ቤት የተማም ስም እንዳይነሣ ያልከው አንተ ነህ። ማን ጠየቀኝ?"

"የት ገባ ጨርቁ?"

ገብታ ትራሴን ይዛ መጣች። ከሥሩ የተቀደደውን በዚያ ጨርቅ ጥፋው ኖሯል። ተማም፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴን አሳርፌ የተኛሁት በምስክርህ ላይ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛውስ ማደሩ በዛ።

በማግስቱ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ፣ አዴ መሪያም ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "ልጄ እንዳልዋሸ አውቃለሁ። አንተም እንዳልዋሸህ አውቅ ነበር" አለችኝ። "ሁለታችሁንም ያበላሁ እኔ አይደለሁ? ሁለቱም እውነታቸውን ነው ብዬ ተናገርኩ አቦ፣ የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።" ያን ጊዜ አለቀስኩ። አልደብቅህም፣ እናትህ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ላስተካክለው የማልችለው ነገርም አለ። ጋሽ ወልደጻድቅ አምና አረፉ፤ አንተን ውሸታም እንዳሉ ሄዱ። ለቀሩት ሽማግሌዎች ግን ትራሴን ይዤ ሄጄ ያኔ በተማማልንበት ዛፍ ሥር እነግራቸዋለሁ፣ መጪው እሑድ። ጥሩወርቅም ትመጣለች። በዚህ ጊዜ እሷ ትጠየቃለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጉሌድ ነው፣ ባቡር ላይ የሚሠራው። መልስ ባትሰጠው አልቀየምህም፤ ሰባት ዓመት የተሸከምከውን በአንድ ወረቀት አውርድ ልልህ አልችልም። ይቅርታህን ግን እለምንሃለሁ። የጠየቅሁህ ዘግይቼ ነው፣ ያሳፍረኛልም።

ባልቴቷ አሁንም ግቢዬ ናት፣ ዶሮ ይተኛባታል። ከእሷ ያወጣነውን የመጀመሪያውን ደካማ ሞተር አስታወስከው? አልሸጥኩትም። ትናንት ከሥራ መልስ አውጥቼ ኒሙ ሥር ገለበጥኩት። በስምንት ጣት ያስቸግራል እንጂ ይቻላል። ሦስቱን ቤላዎች አጥብቄያለሁ። አራተኛውን በጣቴ ብቻ አስገብቼ መፍቻውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከዚያ ትራሴን ተርትሬ ያንን ጨርቅ አሰርኩበት። ቀለሙ ለቋል፤ ቀይ መሆኑን ግን ታውቀዋለህ። ጥሩወርቅ እንዳታጥበው ምላለች።

እኔ አልነካውም፣ ሌላም ሰው አይነካውም። ደንቡን ታውቃለህ፤ የሚያወርደው ሥራውን የጨረሰው ነው።

ጨርቁን ያሰረው፣
ጉግሳ