ምስር ለመልቀም የሚሆን መነጽር

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ኩርፊያውን እንደያዘ ለብቻው ሰላም ብሎሻል።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ክስ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ፣ እንግሊዞች «አንክል» የሚሉትን ቃል ያገኙት ከላቲን ነው፣ በላቲን ደግሞ የእናት ወንድም «ትንሹ አያት» ይባል ነበር ብለሽ ጻፍሽልኝ። አያትነቱን ተቀብያለሁ፤ ሽበቴ ይመሰክርብኛል። «ትንሹ» የተባልኩት ግን ምኔ ታይቶ ነው? ቁመቴ ከሆነ፣ ከእናትሽ በሁለት ጣት እበልጣለሁ። በጣም ተቀይሜሻለሁ። ቂሜ እስከ ምሳ ሰዓት ቆይቷል።

ሁለተኛው ክስ የሱቄ ነው። ዓይን የምለካበት ሰሌዳ ማርጀቱን ታውቂያለሽ። የሰፈሩ ሰው ፊደሎቹን በቃሉ ስለያዛቸው ግድግዳውን የማያየው ሁሉ ያነባቸው ነበር። ስለዚህ አንቺ የላክሽልኝን የቃላት አመጣጥ ዝርዝር በካርቶን ላይ ገለበጥኩት። የላይኛው መስመር ቡጢ ያክላል፣ የታችኛው ጉንዳን። ከዚያ ወዲህ መነጽር ሊያሠራ የገባ ሰው ሳይከራከር አይወጣም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «ሌንስ» በላቲን የምስር ስም መሆኑን፣ ይህንንም ስም በቅርጹ እንዳገኘ አንብቦ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዓይናችን ላይ ምስር ነው የሰካህብን?» አለኝ። «መስል» የሚሉት ጡንቻ ከ«ትንሽ አይጥ» የመጣ ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አጠፈና፣ «የኔዎቹ አይጦች በረሃብ አልቀዋል» አለ። እኔን የገረመኝ ግን የዓይን ብሌን ነው። ፒዩፕል፣ ትንሿ አሻንጉሊት! ሰው ዓይን ውስጥ ተጠግተሽ ስታዪ ራስሽን አሳንሶ ስለሚያሳይሽ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ዓይን ውስጥ የማያት አሻንጉሊት ለካ እኔው ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለእናትሽ ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽ አንድም መልስ አላገኘሽም። «ነርስነቱን ትቼ ቋንቋ መማሬን ይቅር ካላለችኝ ለዕረፍት በምን ፊቴ እመጣለሁ?» ብለሻል። እስቲ ስሚኝ።

እናትሽ ከሰዓት በኋላ ከሱቄ አግዳሚ ወንበር አትጠፋም ነበር። «እግሬን ላሳርፍ ነው» ትላለች። ደንበኞቼ ያንቺን ቃላት ጮክ ብለው ሲያነቡ ግን የምትፈለፍለው ባቄላ እጇ ላይ ይቀራል። ደብዳቤዎችሽን ከጠረጴዛዋ ጨርቅ ሥር አይቻቸዋለሁ፤ ከመከፈትና ከመታጠፍ ብዛት ማጠፊያቸው ሊበጠስ ደርሷል። ላንብብልሽ ብላት፣ «የልጄ ደብዳቤ የኔ ነው። ዓይኔ እንደሆነ መርፌ ከአሸዋ ይለቅማል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ተንኮሌ ተነሣ። ዘወር ስትል ካርቶኑን አወረድኩና በቦታው የመድኃኒት ቤቱን የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩ። «ዓይንሽ እንዲህ ደኅና ከሆነ እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። ሻርፗን አስተካክላ ቆመች። ሌንስ፣ ምስር። መስል፣ ትንሽ አይጥ። አሻንጉሊቷንም አልሳተቻት። እስከ ጉንዳኑ መስመር ወረደች፦ ካምፓኒ፣ ዳቦ አብረው የሚቆርሱ። ልብስ ሰፊው አፉን በሜትሩ አፈነ። እሷ ግን አላቆመችም። ከጉንዳኑም በታች፣ ለብርቱ ዓይኖች ፈተና ይሁን ብዬ የገለበጥኩትን፣ ከዝርዝሩ ግርጌ የጻፍሽውን ያንቺን ቃል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዳቦ በቆረስኩ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች» አለች።

«እህቴ፣ ያነበብሽው ቀን መቁጠሪያ ነው» አልኳት።

ዘንቢሏን አነሣች። «አንተ እንደሆንክ ዛሬም አታድግም!» ብላኝ ወጣች። ልብስ ሰፊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ደጄን አልረገጠችም።

በማግስቱ ሦስት ዓይነት መነጽር ላክሁላት። «ለማንበብ አይደለም፤ ምስር ለመልቀም ነው በላት» ብዬ ልብስ ሰፊውን አስማልኩት። የቤታችንን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ይቅርታ ስትጠይቂያቸው ይቆጣሉ፣ ሰበብ ስትሰጫቸው ይታረቃሉ። እስካሁን ድምጿን አልሰማሁም። አንቺ ግን በዚህ ምክንያት ከመምጣት እንዳት...

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው አይደለም፤ እሱ አንኳኩቶ አያውቅም።

እሷ ናት! ከሦስቱ መነጽሮች ወፍራሙን አድርጋ ቁርጥ ጉጉት መስላለች። (ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።) ሦስቱን ደብዳቤዎችሽን በብብቷ ይዛለች። «ምስሩ ተለቅሞ አለቀ» አለችኝ። ከዚያ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና፣ «'ከእናትሽ በሁለት ጣት እበልጣለሁ'... አይ ውሸት! ተነሣ ከወንበሩ፣ ብዕሩንም ወዲህ በል» አለች።

እንግዲህ ከመቀማቴ በፊት ልመርቅሽ። የምትቆርሽው ዳቦ ተካፋይ አይጣ፤ ባየሽው ሰው ሁሉ ዓይን ውስጥ የምታገኚያት አሻንጉሊት ስቃ ትጠብቅሽ። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የእኔ አይደለም።

ከእህቱ በሁለት ጣት የሚያንሰው፣
ትንሹ አያትሽ