ከሰባት ቁጥር አውቶቡስ የመጣው ሳጥን

ሰኔ 9
ዝናብ። ጃንጥላ ስልሳ አራት፤ ሃምሳ ሁለቱ ጥቁር። ሰው ሠራሽ ጥርስ አንድ፣ የላይኛው። ባለቤቱ ከምሳ በፊት ቢመጣ ይሻለዋል።
ለጃንጥላ የሚመጣ የለም። በዚህ የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጃንጥላዬን ብሎ የመጣውን ሰው በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳለሁ።

ሰኔ 11
ስብሰባ። አለቃዬ ኩራሞቺ አዲስ ክራባት አስሯል። ከንቲባው ከተማችን ከዓለም ሠላሳ ምርጥ ከተሞች አንዷ እንድትሆን ወስነዋል። አሁን ሠላሳ አራተኛ ነን። ደረጃ የሚሰጡት መዛኞች መስከረም ላይ ይመጣሉ። ከሚጠይቁት አንዱ፦ ከጠፋ ዕቃ ስንት በመቶው ይመለሳል?
"ዓለም አቀፍ ከተማ ማለት ምንም የማይጠፋባት ከተማ ናት" አለ።
እኔ አውቶቡስ በሰዓቱ የሚመጣባት ይመስለኝ ነበር። እሱማ ድሮም ይመጣል።
ስልሳ ሁለት በመቶ ላይ ነን። ሰማንያ ይፈለጋል። ችግሩ ጃንጥላው ነው አልኩ።
"እንግዲያው ጃንጥላን ከዕቃ አንቁጠረው።"
የምሩን ነው።

ሰኔ 12
ፀሐይ። ጠብታ የለም። ጃንጥላ ዜሮ። አለቃ ደስ ብሎታል።
ከዚያ እማማ ኪኑዮ መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ለጉልበታቸው ሕክምና በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ለቅመው ያመጣሉ። የአንድ እግር ካልሲ። የኮት ቁልፍ። ባለፈው ወር ግማሽ እርሳስ። ለእያንዳንዱ ፎርም ይሞላል።
የዛሬው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን ነው። ውስጡ የሸክላ ማሰሮ። ማሰሮው ውስጥ ተቃጥሎ የተረፈ የሰው አጽም፣ ከአስከሬን ማቃጠያው ወረቀት ጋር። ኦኩዳይራ ሾዞ፣ ሰባ ስድስት ዓመት።
"ስሳፈር መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ" አሉ። "አሥራ አንድ ፌርማታ አብረን መጣን ልጄ። የኔ ነው የሚል ጠፋ።"
ፎርሙ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ፦ ባለቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣ ዕቃውን ይፈልጉታል? እማማ ኪኑዮ ሁልጊዜ "አዎ" ላይ ነው ምልክት የሚያደርጉት። ለካልሲውም አድርገዋል።

ሰኔ 15
ሟቹ ልጅ አለው። ስሙና ስልኩ ወረቀቱ ላይ ነበር። ደወልኩ።
"የአባትዎ አጽም እኛ ዘንድ ነው።"
"ተሳስተዋል።"
"ስምዎ እኮ እዚህ ተጽፏል፣ አቶ ኦኩዳይራ።"
"ስድስት ዓመቴ ሳለ ጥሎን ሲሄድ ማንም ፎርም አላስሞላውም። አሁን እኔ ለምን እሞላለሁ?"
"የምንሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው" አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።
እንዲህ ተብሎ መልስ ይሰጣል? ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ...

ሰኔ 30
ሳጥኑ አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ በጊታርና በሕፃን ጫማ መካከል። ጠዋት ስገባ "እንደምን አደሩ" እላለሁ። ለጊታሩ አይደለም።

ሐምሌ 20
አለቃ ጠራኝ። "ወይዘሮ ሳዋኮ፣ እኚያን አሮጊት ትንሽ ቢያቀዘቅዙልን።"
"ከምን?"
"ከማግኘት።"
በዚህ ወር ሃያ ሦስት ዕቃ አምጥተዋል። ባለቤት የመጣለት ሁለት። ለከተማችን ዕድገት እንቅፋት ሆነዋል።
"ሳጥኑስ?" አልኩት።
"ሦስት ወሩ ሲሞላ ወደ ጋራ መቃብር። እንግዶቹ ሳያዩት..." አልጨረሰውም።
የጋራ መቃብር ማለት ማሰሮው ተከፍቶ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ልቡ ቢመለስ እንኳ የምንሰጠው ነገር የለም። ተናደድኩ። ሻይ ጠጣሁ። አልበረደልኝም።

ነሐሴ 9
የሙታን ሰሞን። ሰው ሁሉ የዘመዱን መቃብር ሊጠርግ ወደየአገሩ ሄዷል። ቢሮው ጭር ብሏል። እማማ ኪኑዮ ባዶ እጃቸውን የመጡ መሰለኝ።
"እንዲያው ልየው ብዬ ነው" አሉ።
ከቦርሳቸው ኪያር አወጡ፤ አራት የእንጨት እግር ተሰክቶበታል። የሙታን ፈረስ፤ ነፍስ ጋልባው ቤቷ ትመጣለች ይባላል። ሳጥኑ አጠገብ አቆሙት። "ቤቱ ደርሶ ይምጣበት።"
"ቤታቸውን እኮ አናውቀውም፣ እማማ።"
"ፈረሱ ያውቀዋል።"
አለቃ አይቶ "ይሄ ተመዝግቧል?" አለኝ። መዘገብኩት። ኪያር፣ አንድ።

ነሐሴ 25
ለልጁ ደወልኩ። ሦስተኛዬ ነው። ስለ ጋራ መቃብሩ ነገርኩት።
"እና?" አለ። ግን ስልኩን አልዘጋም።
"ያገኟቸው ሴትዮ ሊወስዷቸው ይፈልጋሉ። እርስዎ ካልተቃወሙ።"
"ምኑ ናቸው?"
"አውቶቡስ ላይ ነው የተዋወቁት።"
"አልቃወምም" አለ በመጨረሻ።

መስከረም 12
ሦስት ወር ሞላ። በሩ ሳይከፈት እማማ ኪኑዮ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠቅለያ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል።
አለቃ ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበ። አጽም ይሰጣል አይልም። አይሰጥም አይልም። "ብንሰጥ... እንደተመለሰ ይቆጠራል?" አለኝ በሹክሹክታ።
"ይቆጠራል።"
ማኅተሙን መታ።
ፎርሙ ላይ "ዝምድና" የሚል ቦታ አለ። "ምን ልበል ልጄ?" አሉኝ። ባዶ ይተዉት አልኳቸው። አልተዉትም። "አብሮ ተሳፋሪ" ብለው ጻፉ።
ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ። "የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ወደ እኔ ላኪው። ቤት ነኝ።"
መደርደሪያው ላይ ጊታርና ጫማ ቀሩ። ጠዋት ማንን ሰላም ልበል? ከፍቶኛል።

መስከረም 13
መዛኞቹ መጡ። አንዷ ጠየቀች፦ "ማንም የማይፈልገውን ነገርስ ምን ታደርጉታላችሁ?"
"በከተማችን እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ አለቃ።
ምድር ቤት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጃንጥላ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 2
ዝናብ። ውጤት መጣ፤ ሠላሳ አንደኛ። አለቃ ክራባቱን ፈቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።
ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጣ። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፀጉሩ በዝናብ ረጥቧል።
"ጃንጥላ ጠፍቶብኝ ነበር። ጥቁር።"
"መቼ?"
"ሰኔ 12። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ላይ።"
ድምፁን አወቅሁት፤ የስልኩ ሰው። ይህን ማስታወሻ ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩ። ሰኔ 12፦ ፀሐይ። ጠብታ የለም። ጃንጥላ ዜሮ።
ለካ ሳጥኑን ራሱ ነው መስኮቱ ጋ ያስቀመጠው።
ምድር ቤት ወርጄ አንድ ጥቁር አመጣሁለት። "ይሄ ነው?"
ሳያየው "ይመስለኛል" አለ። ፎርሙን ሞላ። እስክሪብቶውን አስቀምጦም አልሄደም። "ሌላው... ያኛው ዕቃስ?"
የእማማ ኪኑዮን አድራሻ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። ከሥሩ፦ ሰባት ቁጥር፣ አሥራ አንድ ፌርማታ።
አነበበው። አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ፌርማታው ላይ ቆሟል። አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ።
ጃንጥላ፦ ተመላሽ፣ አንድ።