የኃይለየሱስ ጫማ በጥቁርና ነጭ

ሰኔ 2
ሙቀቱ አይጣል ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስመለስ ሰርቪሱ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ምን እንደነካኝ እንጃ... የባሌን የኃይለየሱስን ካሜራ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ሰርግ ሲያነሳበት የነበረውን። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ፣ እሱም በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ወጣ። ከጥምቀት ወዲህ ድምፁ የለም።

ጥቁርና ነጭ ላይ አደረግኩትና ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ቲማቲምና ቃሪያ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አነሳሁ። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ! ብቻዬን ሳቅሁ። እሱ ቢያይ እንዴት ይስቅብኝ ነበር።

ሰኔ 5
መብራት የለም። በመስኮት ብርሃን ሞከርኩ። ሎሚው ብቻ ደህና ወጣ።

ሰኔ 9
ባለሱቋ ሁዶ መጣች። "አቦ ዮርዲ፣ ቲማቲም ፎቶ ይነሳል? መታወቂያ ልታወጪለት ነው?" ከኋላ ጥቁር ነገር ቢኖር እንደሚሻል ስነግራት ሄዳ ጥቁር ሻርፕ አመጣችልኝ። "መልሺ ብቻ፣ ወላሂ የእህቴ ነው።"

"ግን ለምን ጥቁርና ነጭ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጥቁር መልበስ አልችልም። ከለበስኩ ሟርት ነው፣ ገደልኩት ማለት ነው። ፎቶ ላይ ግን ማንም አይከለክለኝም። ተስፋ ቆርጫለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ 12
ምን አደረግኩ?... እረፍት ነበርኩ። አትክልቱ ሰለቸኝ። የሁዶን ሻርፕ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። የኃይለየሱስን ኮት አጥፌ፣ ጫማውን ከፊት፣ ፎቶውን ከኋላ አስደግፌ... ብርሃን እንዲገባም በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሰው ያያል ብዬ አላሰብኩም።

እናቱ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከሚካኤል መልስ ጸበል ይዛልኝ ገባች። ጥቁር ጨርቅ፣ ኮት፣ ጫማ፣ ፎቶ። ለቅሶ ቤት የሟች ልብስ የሚደረደረው ልክ እንደዚያ ነው። ጸበሉ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን! መርዶ መጣ? ለኔ ሳትነግሪኝ?"

"አልሞተም እማዬ! ፎቶ እያነሳሁ ነው!"

ማን ይስማኝ? ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። እማዬ ደረቷን ትደቃለች። እየጮኽኩ ሳስረዳ ሳስረዳ... እኔም አለቀስኩ። ከሁሉም በላይ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል?

ሰኔ 13
ሁዶ ሻርፑን ልትወስድ መጣች። ቀና ብላ አላየችኝም። "አይዞሽ" ብቻ።

እማዬ ጋ ሄድኩ። "ልጄን በቁሙ ቀበርሽው" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው። ትናንት ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከስንት ወር በኋላ... ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?

ሰኔ 17
ካሜራውን ቆለፍኩበት።

ሰኔ 21
እማዬ መጣች። ከማርያም መልስ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ። ሰላምታም የለ።

"የዛን ቀን ያነሳሽውን አሳዪኝ።"

ካሜራውን አውጥቼ ሰጠኋት። ብዙ አየችው። "ጫማው አቧራ ነው" አለች። ራሷ ከቁም ሳጥኑ አወጣችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣ በሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አፍንጫው ወደ ቤት።

"ቤቱ የገባ ሰው ጫማ እንደዚህ ነው። አሁን አንሺ።"

ተንበረከክሁ። ዝቅ ስል ከነጠላዋ ሥር ቀሚሷን አየሁት... ጥቁር። እንዳየሁባት ስታውቅ ነጠላዋን ወደ ታች ሳበችው። ዓይኔን ወደ ካሜራው መልሼ ጫማውን ፎቶ አነሳሁት።

ስትወጣ "ጫማውን እንዳትነኪው" አለችኝ።

አልነካሁትም፣ እዚያው በሩ ጋ ነው። ነገ ቀፊራ ሄጄ ጥቁር ጨርቅ እገዛለሁ። ለፎቶ አይደለም።