ለገዳዩ ምቾት ሲፈለግለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አወጡኝ። ዕጣውን በገዛ እጄ አንስቼ፣ ሁሉም እያዩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ፣ አመሻሽ ላይ «በሌላ ሰው ተክተንሻል» የሚል መልእክት በቴሌግራም መጣልኝ። ቅዳሜ ገርጂ የሚደረገው የክርክር ክበባችን የዓመቱ ትልቁ መድረክ ነው። ርእሱ «የሞት ቅጣት ሰብዓዊ በሆነ መንገድ ሊፈጸም ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚል ነው። ለእኔ የደረሰኝ «አይችልም»።

ሰብሳቢያችን ቴዲ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩ ለአንቺ የግል ነው አለኝ፤ ድምፁን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አድርጎ። አዎ፣ የግል ነው። ወንድሜን ሮቤልን ከሁለት ዓመት በፊት ለሚ ኩራ ላይ መኪናውን ሊወስድ የፈለገ ተሳፋሪ ገደለው። ሰውዬው ሞት ተፈርዶበታል፤ እስካሁን አልተፈጸመም። እና? ቤተሰቡ የታመመበት ሐኪም ከሥራ ይባረራል?

«እንዳትጎጂ ብለን ነው» አለ ቴዲ። የተበደልኩት ሁሉ የሚጀምረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሥራ በፊት የክበቡን ደንብ አነበብኩ። አገኘሁት! ዕጣ የደረሰው ሰው የሚቀየረው እሱም ተቃራኒው ተከራካሪም ሲስማሙ ብቻ ነው። እኔ አልተስማማሁም። የቀረው ተቃራኒዬ ሚኪያስ ነው።

ሚኪያስ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንዴ እሱ ሲበልጠኝ አንዴ እኔ ስበልጠው ከረምን። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው ድረስ ሄጄ ደንቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሳቀ። «አንቺ ከሌለሽማ ማንን አሸነፍኩ ብዬ ላውራ?» እንደማይራራልኝም ነገረኝ። ከራራህልኝ እከስሃለሁ አልኩት።

ወደ ክርክሩ ተመለስኩ! መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻዬን ስስቅ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሕጋችን ሞት በአደባባይ በስቅላት አይፈጸምም፣ ሰብዓዊ በሆነ መንገድ ይፈጸም ይላል። በምን? እሱን ማረሚያ ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል ይወስን ብሎ ያልፋል። «ሰብዓዊ» ብለው ጻፉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሚኪያስ የሚያመጣቸው፦ መርፌ (እንቅልፍ ነው ይላል)። ጥይት (ፈጣን ነው ይላል)። ጋዝ (አዲስ ነው ይላል፤ አዲስ ነገር ይወዳል)። የእኔ መልሶች፦ ደም ሥሩ ቢጠፋስ? ለማዳን የማለ ሐኪም መርፌውን ይይዛል? ተኳሾቹስ ቤታቸው ገብተው ምን ብለው እራት ይበላሉ?

መልስ ያጣሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ። ክርክሩ እንዳለ ሰምታለች፣ የቱ ወገን እንደደረሰኝ ግን አልሰማችም። «ልጄ በወንድሟ ገዳይ ላይ ልትናገር ነው» ብላ ለዕድሯ ሴቶች ሁሉ አዳርሳለች። መርፌ ምናምን የሚሉትን አፋቸውን አስይዢልኝ አለችኝ። «ለሱ ደግሞ ምቾት ይፈለግለት?»

እሺ እማዬ አልኩ። ፈሪ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሦስት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። በአራተኛው የዕድሩ ሊቀመንበር እትዬ ረምዚያ ገቡ። ድንኳን ያስፈልግ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው የመጡት። የሮቤል ስም ይነሳል ተብሏል፤ የሟች ስም የሚነሳበት ደግሞ ለቅሶ ነው። አዳራሽ ነው እትዬ፣ ጣሪያ አለው አልኳቸው። «ወንበርስ?» አሉ። ወንበርም አለ። «ንፍሮስ?»

ሲወጡ ጨከንኩ። «እማዬ፣ ነገ የምናገረው አንቺ የምትፈልጊውን ላይሆን ይችላል።»

«አንቺ ደግሞ መቼ የምፈልገውን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የቀለድኩ መስሏታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዐሥራ አንድ ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ፊት ለፊት ተደረደሩ። መሐላቸው እናቴ። ቴዲ አመድ መሰለ።

ሚኪያስ ጎበዝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰብዓዊ ማለት ፈጣንና ሕመም የሌለው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም ካለ ተከራካሪዬ ትንገረን ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ረምዚያ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሳሁ። «ወንድሜ የሞተ ቀን ሐኪሙ ለእናቴ ወዲያው ነው ያረፈው፣ ሕመም አልተሰማውም አላት። ፈጣን ነበር። ሕመም አልነበረውም። በሚኪያስ ትርጉም ወንድሜ የተገደለው ሰብዓዊ በሆነ መንገድ ነው።»

እናቴን አላየኋትም፤ ባያት አልጨርስም ነበር። ሮቤል ቢያንስ ቀኑን አላወቀም አልኩ። ታስሮ፣ በሩ መቼ እንደሚከፈት እየጠበቀ የሚኖር ሰው ላይ መርፌው የትኛውን ሕመም ይቀንሳል? እኛ እንቅልፍ እንዲወስደን ነው መርፌ የምንፈልግለት አልኩ። እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም።

ዳኞቹ ለእኔ ፈረዱ! ለእኔ! ሚኪያስ እጄን ጨብጦ በገዛ ትርጉሜ ገደልሽኝ አለ። ዞር ስል የእናቴ ወንበር ባዶ ነው። እትዬ ረምዚያ ግን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «እናትሽ ታክሲ ይዛ ሄደች። እኔ ግን ላልቅስ ላጨብጭብ ግራ ገብቶኝ ቀረሁ» አሉኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ጠዋቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ከሰዓት በኋላ ልብስ ስናሰጣ ተናገረች። «ያ የሐኪሙ ቃል የኔ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ይዤ ነው የተኛሁት። ሰው ፊት አወጣሽው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ክርክሩ አይደለም፤ ስለ ቃሉ።

ቀጥላ የረጠበውን አንሶላ አነሳች። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን መጭመቅ ጀመርን። አሁንም ይሙት ነው የምለው አለች። እሺ አልኩ። ውሃው እግራችን ላይ ተንጠባጠበ። «በምን እንደሚሞት ግን እንዳትነግሪኝ» አለች።

ለዚህ ሦስት መልስ ነበረኝ፤ ሦስቱም የሚያሸንፉ። አንዱንም አልተናገርኩም። አንሶላውን በኔ በኩል ሳብ አደረግሁት፤ እሷም በሷ በኩል ሳብ አደረገችው።