የቤታችን አዲስ አድራሻ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ አትጠይቂኝ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶው ተበጥሶ አስቀየርኩት። ሹራብ ደርበሽ ነው የምትወጪው አይደል?

የአባትሽን ፎቶዎች ከዚያ ሆነሽ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ልታዪ ስትሞክሪ እምቢ ብሎሽ፣ «አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ አስገቢ» ብለሽኝ አልነበር? እኔም «ያለኝ ይበቃኛል» ብዬ ዝም አሰኘሁሽ። ትናንት የኢንተርኔት ባለሙያ መስመራችንን ሊፈትሽ ሲመጣ ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ለእርስዎ አሮጌውም ይበቃል። ዜና ቢያዩ፣ ልጅዎ ጋ ቢደውሉ ምንም አይጎድልብዎትም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልሸኘው ስል፣ «ብቻ የሕንፃው ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በአንድ አድራሻ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው የትኛው ቤት እንደሚገባ አያውቅም። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው» አለ።

አባትሽ ትዝ አለኝ። ፖስተኛ ሳለ የክፍል ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ሲደርሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ስም እየጠራ ጉሮሮው ይደርቅ ነበር። ለካ አንቺንም ደረጃ ላይ አቁሜሽ ኖሯል!

«በል አስገባልኝ» አልኩት። ሌባ አብሮ እንዳይገባ ኮምፒውተሩን በይለፍ ቃል ቆልፎታል፤ ቃሉን በስልክ እነግርሻለሁ።

አምላክ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ገጽ ከፍቼ ትቼልሻለሁ። ፎቶዎቹን አይተሽ ስትጨርሺ አንድ መስመር ጻፊበት። ጠዋት ስነሳ ቤት ገብተሽ እንደነበር ልወቅ።

እናትሽ