ጠየቀች ተብላ ትገረፋለች?

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ተክለጻድቅ። እንደምን ሰንብተዋል? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? እኔ ልጅዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤ ግን አሯል። የተናደድኩትም በእርስዎ ነው፣ አባባ።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ እዚህ ሮም የአገራችን ልጆች ወደምንገናኝበት አደባባይ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንዛ ሄጄ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሱትን ሲስተር ሠናይትን አገኘኋቸው። እማዬ በቃል የላከችውን ሁሉ ነገሩኝ። ታናሽ እህቴ መዓዛ ሁልጊዜ አንደኛ ስትወጣ ኖራ ዘንድሮ በመንፈቁ አሥራ አራተኛ ወጣች። እርስዎም በቀበቶ ገርፈው፣ «ያዋረደችኝን ልጅ አላስተምርም» ብለው ቤት አስቀሯት። ጥፋቷ ምን ነበር? የሳይንስ አስተማሪዋ «በቃላችሁ ያዙ» ሲል፣ እሷ እጇን አውጥታ «ብረት ይዝጋል፤ ወርቅ ለምን አይዝግም?» አለችው። ሳይገባኝ አልሸመድድም ስላለችው ማርኳን ቀነሰባት። ይህ ነው ጥፋቱ?

እኔ አንደኛ በወጣሁ ቁጥር ካርዴን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞሩ ነበር። በኬሚስትሪ መቶ ከመቶ ባገኘሁ ጊዜ በግ አርደውልኛል። እንግዲያው እንዳትጨነቁ ብዬ የደበቅኳችሁን ልንገርዎ። ባለፈው ኅዳር የምሠራበትን ቤት መታጠቢያ ሳጸዳ እድፉ አልለቅ አለኝ። ቫሬኪና የሚሉትን የልብስ ማንጫ አፈሰስኩና አሲድ ጨመርኩበት። ወዲያው አንዳች ነገር ጉሮሮዬን አነቀኝ፤ ዓይኔ ተቃጠለ፤ ወደቅሁ። አሠሪዬ ሲኞራዋ ጎትታ ባታወጣኝ ኖሮ መርዶዬ ነበር የሚደርሳችሁ። ሆስፒታል ሐኪሙ «የመታሽ ክሎሪን ነው፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም» አለኝ።

ክሎሪን! አባባ፣ ክሎሪንን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ! ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ከምን እንደሚገኝ አንድም ሳልስት ጽፌ ነው መቶ ያገኘሁት። በእጄ ከያዝኩት ዕቃ እሱ እንደሚወጣ ግን ማን አስተማረኝ? እኔስ መቼ ጠየቅሁ? የሚጠይቅ ማርኩ ይቀነስበታላ! አልጋ ላይ ሆኜ ያለቀስኩት ከሕመሙ ይልቅ በንዴት ነው። ያን በግ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲባል የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። ታዲያ ልትማር የፈለገችውን ገርፈው፣ የጠመጠምኩትን እኔን ምሳሌ ያደርጉባታል? «እንደ እህትሽ ሁኚ» ይሏታል አሉ። እንደ እኔ አትሁን!

ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ማግስት ባለው ሰኞ ጠዋት እጇን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቷ ይመልሷት። አስተማሪዋንም ለምን እንዳላስረዳት ይጠይቁት። እምቢ ካሉ ከእንግዲህ የምጽፈው ለእማዬ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ቃሌን ግን አላጥፍም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። አክስቴን አሰለፈችን ከነልጆቿ፣ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ሰላም በሉልኝ። መዓዛን ግን ሌላ ሰው አይሳምልኝ፤ በእኔ ፈንታ የሚስሟት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ።

ልጅዎ ፀሐይ ተክለጻድቅ
ሮም፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.