የስ፣ የስ

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ከአባቴ ጋር ዘጌ ሄደን አስቀደስን። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ልጃቸው የእንግሊዝኛ መምህር መሆኑን ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ፈረንጅ ወደ ግድግዳው ሥዕል እያመለከተ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው፣ እጄን ይዘው ወደ እሱ አቀረቡኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። የእንግሊዝኛውን ስም፣ ግሥ፣ ቅጽልና ቅጥያ ከነምሳሌው እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ። ተማሪዎቼንም በዜማ አስይዛቸዋለሁ፤ አባቴ እኔን ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

ሰውዬው የጠየቀኝ ሥዕሉን ማን እንደሣለው ነው። ጥያቄው ገብቶኛል። አፌን ስከፍት ግን ያ ሁሉ ትምህርት ጥሎኝ ጠፋ። “የስ፣ የስ” አልሁት። ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ አመስግኖኝ ሄደ።

በጀልባ ስንመለስ አባቴ ለሰውዬው አዘኑለት።

“ምስኪን፣ ቋንቋውን በቅጡ አልተማረውም መሰለኝ። አንተ መልሰህለትም አልገባውም።”

“አዎ፣ አባቴ” አልኋቸው።

ነገ ጠዋት ቅጥያ አስተምራለሁ። እኔ እላለሁ፣ ስድሳ ልጆች ይከተሉኛል።